መልስ የማይቀበል መልእክት፦ ክሊኒኩ በስልካችሁ ሲጽፍላችሁ



አንዲት እህታችን አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ማዕከላችን መጣች። ሳል ከያዛት ሁለት ወር አልፏታል። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ቀሚሷም ሰፍቷታል። የምትተኛው ከቤቱ ትንሽ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ነው። «ክሊኒክ ሄደሽ ነበር?» ስንላት «ሄጄ አክታዬን ሰጥቻለሁ፣ ግን ተቀይመውኛል መሰለኝ» አለችን። እንዴት ብትባል ስልኳን አውጥታ አሳየች። ከክሊኒኩ ሦስት መልእክት ደርሷታል፣ ሦስቱም በዐረብኛ። በየመልእክቱ ሥር እሷ በላቲን ፊደል በአማርኛ የመለሰችው አለ። የመጀመሪያው «ማዳም አልለቀቀችኝም፣ እሑድ ብመጣስ?» ይላል። ሁለተኛው «በ10 መጥቼ ነበር፣ ዘግታችኋል» ይላል። የመጨረሻው «ምን አጠፋሁ?» የሚል ነው።

ምንም አላጠፋችም። ከዚያ በኩል የሚያነብላት ሰው አልነበረም። ሦስቱን መልእክት የላከው ኮምፒዩተር ነው፤ የእሷንም መልስ የተቀበለው ሰው የማይከፍተው ሣጥን ነው። መልእክቶቹን ስናነብላት የመጀመሪያው «ውጤትሽ ደርሷል» ይላል። ሁለተኛው ቀንና ሰዓት ይሰጣል። ሦስተኛው «አልመጣሽም፣ እባክሽ ቶሎ ነይ» ይላል። ያን ያህል ፈልገዋታል። እሷ ደግሞ በዝምታቸው አዝና ቀርታለች። በማግሥቱ ደውለንላቸው ሄደች፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ መሆኑ ተነገራት። መድኃኒቱን አምስት ሳምንት ዘግይታ ጀመረች፣ ስድስት ወር ወስዳ ጨረሰች፣ ዛሬ ደህና ናት። የቤቱም ልጅ ተመረመረ። ግን ያ አምስት ሳምንት ባይባክን ይሻል ነበር። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው እህቶች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ለምን አይመልሱም?

አገር ቤት ሳለን ከቴሌ የሚመጣውን መልእክት ሁላችንም እናውቀዋለን። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምርና ስለ ጥቅል ወይም ስለ ቀሪ ሒሳብ ይነግረናል። ለዚያ መልእክት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የመለሰ ሰው አላውቅም። መልስ የማይጠብቅ ማስታወቂያ እንደሆነ እናውቃለን። የክሊኒኩም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የክሊኒኩ መልእክት ስማችንን ይጠራል፣ ስለ ራሳችን ሰውነት ይናገራል፣ «ነይ» ይለናል። ስለዚህ አንድ ነርስ በእጇ የጻፈችው ይመስለናል፤ እኛም እንደ ሰው እንመልሳለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርድ ስታወጡ ጸሐፊዋ ስማችሁንና ስልካችሁን ኮምፒዩተር ላይ ትጽፋለች። ቀጠሮ ሲያዝላችሁ ቀኑም እዚያው ይገባል። ቀጠሮው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ኮምፒዩተሩ ለዚያ ቀን ለተመዘገቡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልካል። በዚያ ሰዓት ነርሷ ቤቷ ተኝታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ላኪው በሚጻፍበት ቦታ ስልክ ቁጥር ሳይሆን የክሊኒኩ ስም ብቻ ይታያል። ስም ብቻ ከሆነ መልሱ የሚሄድበት ስለሌለ ስልኩ ራሱ «አልተላከም» ይላችኋል። አስቸጋሪው በቁጥር ሲመጣ ነው። መልሳችሁ ይሄዳል፣ ካርዳችሁም ይቆረጣል፣ የሚያነበው ግን የለም።

እንደ ጨዋታ አንድ ነገር ላንሳ። በዓለም የመጀመሪያው የስልክ አጭር መልእክት የተላከው በእንግሊዝ አገር በ1992 (እ.ኤ.አ.) ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው፤ «መልካም ገና» የሚል ነበር። የተላከው ከኮምፒዩተር ነው፤ የተቀበለው ሰው ስልክ ደግሞ መጻፊያ ስላልነበረው መልስ መስጠት አልቻለም። ነገሩ ከመነሻውም የአንድ ወገን ንግግር ነበር ማለት ነው።

መልእክቶቹ ደረቅና ቁጡ የሚመስሉበትም ምክንያት አለ። አንድ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ፊደል ይይዛል። በዐረብኛ ወይም በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ሁለት ጊዜም ይከፈልበታል። በ70 ፊደል ውስጥ የክሊኒኩን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከጻፉ በኋላ ለ«እንደምን ነሽ እህቴ» ቦታ አይተርፍም። ስድብ ወይም ቁጣ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ጥቅም ከሌለው ለምን ይልካሉ? ጥቅምማ አለው። በኬንያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ መልስ የማይፈልግ አስታዋሽ መልእክት ከተላከላቸው ውስጥ 53 በመቶዎቹ መድኃኒታቸውን በደንብ ወሰዱ። ካልተላከላቸው ውስጥ እንዲህ ያደረጉት 40 በመቶ ናቸው። በየቀኑ የተላከላቸው ግን ይህን ያህል አልተጠቀሙም። በየቀኑ የሚጮህ ደወል ጆሮ ይለምደዋል መሰለኝ።

እዚያው ኬንያ ሌላ ሙከራ ነበር፤ ለእኔ ልቤን የነካው እሱ ነው። ነርሷ በየሳምንቱ ለታካሚዎቿ አንዲት ቃል ትልካለች፦ «ማምቦ?» በስዋሂሊ «እንዴት ነው?» ማለት ነው። ታካሚው በሁለት ቀን ውስጥ «ሳዋ» ማለትም ደህና ነኝ፣ ወይም «ሺዳ» ማለትም ችግር አለ ብሎ ይመልሳል። «ሺዳ» ላለውም ዝም ላለውም ነርሷ ትደውላለች። ይህም መድኃኒት አወሳሰዳቸውን አሻሽሏል። የዚህ ዓይነቱ መልስ የሚቀበል መልእክት ነው። እኛ ባለንበት አገር የምትሄዱባቸው ክሊኒኮች አብዛኞቹ ግን ይህ የላቸውም። «ሺዳ» የምትሉበትን መንገድ ራሳችሁ ቀድማችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ ማለት ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ሰዓቱን ማንበብ

ከላይ ያነሳናት እህት «በ10 መጥቼ ነበር፣ ዘግታችኋል» ብላ የጻፈችው እውነቷን ነው። መልእክቱ 10:00 ይላል። እሷ በእኛ አቆጣጠር በ10 ሰዓት፣ ማለትም እነሱ ከሰዓት በኋላ 4 በሚሉት ሄደች። ማዳሟን ለምና፣ የታክሲ ከፍላ። ክሊኒኩ የጠበቃት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር።

ብዙዎቻችን ዓመታት እዚህ ኖረንም በልባችን የምንቆጥረው በሐበሻ ሰዓት ነው። ነውር የለውም፣ መቀየሩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በመልእክቱ ላይ ካለው ቁጥር 6 ቀንሱ። 8:30 ካለ የእኛ 2:30 ነው። 10:00 ካለ 4 ሰዓት፣ 12:30 ካለ 6:30። አንዳንዱ መልእክት ከሰዓት በኋላን 13፣ 14፣ 15 እያለ ይጽፋል፤ እሱም ላይ 6 መቀነስ ነው፤ 14:00 የእኛ 8 ሰዓት ይሆናል። ከሰዓት በኋላን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ከጻፈ ግን 6 ትደምራላችሁ፤ 2:00 የእኛ 8 ሰዓት፣ 4:00 የእኛ 10 ሰዓት ነው። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን የቤቱን ሰዓት እዩ፤ ክሊኒኩ የሚናገረው ስለዚያ ሰዓት ነው፣ በልባችሁ ስላለው አይደለም።

ቀኑን ማንበብ

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። 05/06 የሚል ብታዩ መጀመሪያ ያለው ቀን፣ ቀጥሎ ያለው ወር ነው፤ ጁን 5 ማለት ነው። ብዙ እህቶች «ጁን ሰኔ ነው» ብለው ሰኔ 5 ይጠብቃሉ። ጁን 5 ግን ገና ግንቦት 28 ነው። ሰኔ 5 ሲደርስ ቀጠሮው ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ የክሊኒክ ቀጠሮን ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩት። ማዳም ወጥ ቤት የሰቀለችው ወይም ስልካችሁ ላይ ያለው የፈረንጅ መቁጠሪያ ላይ ፈልጋችሁ እዚያው ምልክት አድርጉ። ባዕላትን በእኛው ቁጠሩ፣ ክሊኒክን በእነሱ።

ዓመቱ አራት አሃዝ ስላለው ይለያል። አንዳንድ ጊዜ በስተግራ፣ አንዳንድ ጊዜ በስተቀኝ ይቆማል። የትም ይቁም ከዓመቱ የሚርቀው ጫፍ ላይ ያለው ቀኑ ነው፣ መካከል ያለው ወሩ ነው። ሳዑዲ ያላችሁ እህቶች አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዓመቱ በ14 የሚጀምር ከሆነ የሂጅራ አቆጣጠር ነው፤ ከፈረንጁም ከእኛም አይገጥምም፤ በፈረንጅ ስንት እንደሚሆን መጠየቅ ግድ ነው።

ቁጥሮቹ በዐረብ አጻጻፍ ሲመጡ ደግሞ የሚያሳስቱ አሉ። ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ብትጽፏቸው በአንድ ምሽት ይያዛሉ። 1 እና 9 የምናውቃቸውን ይመስላሉ። ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት። የምታሳስተው 5 ናት፤ ክብ ስለሆነች እኛ ዜሮ እንላታለን። 6 ደግሞ የእኛን 7 ትመስላለች። 2 እና 3 እንጨት ላይ እንደ በቀለ ጥርስ ናቸው፤ 2 አንድ ጥርስ፣ 3 ሁለት ጥርስ አላት። 4 ወደ ግራ ጀርባዋን የሰጠች 3 ትመስላለች። 7 እና 8 ግን ከፊደላችን ጋር ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል፦ 7 አፏ ወደ ላይ እንደተከፈተ «ሀ»፣ 8 ወደ ታች እንደተከፈተ «ለ» ናት። ከ«ሀ» ቀጥሎ «ለ» እንደሚመጣ ከ7 ቀጥሎ 8 ይመጣል። ይህን ያሳየችን ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት የቆጠረች አንዲት እህት ናት፤ እኛም ከእሷ ተምረን ለሌሎች እናስተምራለን። ልብ በሉ፣ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ቢነበብም እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ እንደ እኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው።

የሳምንቱ ቀናት ስም ለጆሯችን ቅርብ ነው። አሐድ እሑድ ነው፣ ኸሚስ ሐሙስ ነው። ግን አንድ ጉድጓድ አለ፦ «አርቢዓ» ሲሏችሁ ዓርብ እንዳይመስላችሁ፤ ረቡዕ ማለት ነው። ዓርብ በእነሱ «ጁምዓ» ነው። ሰኞ «ኢስነይን»፣ ማክሰኞ «ሱላሳ»፣ ቅዳሜ «ሰብት» ይባላል። «አርቢዓ»ን ዓርብ ብላ ሁለት ቀን ዘግይታ የሄደች እህት ብቻዋን አይደለችም፣ እኔ እንኳ አንድ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ።

ሊባኖስ፣ ዮርዳኖስና ሶርያ ወሮቹ ሌላ ስም አላቸው። ብዙዎቹ ለየብቻ ስለሆኑ አይምታቱም፤ ሽባጥ ፌብሩዋሪ፣ አዛር ማርች፣ ኒሳን ኤፕሪል፣ አያር ሜይ፣ ሐዚራን ጁን፣ ተሙዝ ጁላይ፣ አብ ኦገስት፣ አይሉል ሴፕቴምበር ነው። የሚምታቱት አራቱ ናቸው። ሁለት ተሽሪን አለ፣ ሁለት ካኑን አለ። ተሽሪን አወል ኦክቶበር፣ ተሽሪን ሳኒ ኖቬምበር፣ ካኑን አወል ዲሴምበር፣ ካኑን ሳኒ ጃንዋሪ ነው። «አወል» አንደኛ ማለት ነው፤ እንደ ቡናችን አቦል አድርጋችሁ ያዙት። «ሳኒ» ሁለተኛው ነው፣ እንደ ቶና። ገልፍ ያላችሁ ደግሞ «ያናይር፣ ፊብራይር» ሲባል ትሰማላችሁ፤ እነዚህ ከእንግሊዝኛው ስለሚቀርቡ ብዙ አያስቸግሩም።

ጥቂት ቃላት

ዐረብኛ ማንበብ ባትችሉም ሌላ ሰው ሲያነብላችሁ ወይም ስልኩ ድምፅ ሲያሰማችሁ እነዚህን ቃላት አድምጡ። «ማውዒድ» ቀጠሮ ነው። «ነቲጃ» ውጤት ነው። «ፈሕስ» ወይም «ተሕሊል» ምርመራ ነው። «ተእጂል» ካለ ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን ተላልፏል፤ «ኢልጋእ» ካለ ተሰርዟል። «ዓለ ሪቅ» ካለ ምግብ ሳትቀምሱ በባዶ ሆድ ኑ ማለቱ ነው፤ ቁርስ በልታችሁ ብትሄዱ ደማችሁን ሳይወስዱ ሊመልሷችሁ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ሌላ ፈቃድ መለመን ነው። «ደሩሪ» ካለ አስፈላጊ፣ አስቸኳይ ነው። «ዓደም አር-ረድ» የሚል ከሰማችሁ «መልስ አትስጡ» ማለቱ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ሁሉ ስለዚያ ነው።

ስማርት ስልክ ያላችሁ ጽሑፉን ቀድታችሁ በጉግል ትርጉም ወደ አማርኛ መለወጥ ትችላላችሁ። አማርኛው ይንሻፈፋል፣ አንዳንዴም ያስቃል፤ ቀጠሮ መሆኑን ወይም ውጤት መሆኑን ለማወቅ ግን ይበቃል። ቀኑንና ሰዓቱን ከትርጉሙ ሳይሆን ከዋናው መልእክት ላይ ራሳችሁ አንብቡ።

መልሱን የት እናድርስ?

ክሊኒኩ የሚናገርበት መንገድና የሚሰማበት መንገድ የተለያዩ ናቸው። የሚናገረው በመልእክት ነው፤ የሚሰማው በደወል ወይም በአካል ነው። አንዳንዱ በዋትስአፕ ይሰማል። ስለዚህ ካርድ ባወጣችሁበት ቀን፣ ገና ጠረጴዛው ጋር ቆማችሁ ሳለ፣ «መምጣት ካልቻልኩ በየት ልደውል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን በካርዳችሁ ጀርባ አጽፉ፤ ስልካችሁ ላይም መዝግቡት። ስልክ ሊወሰድባችሁ ይችላል፤ ካርዱ ግን በመጸሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርኣን መካከል፣ ካልሆነም በልብስ ኪስ ይቀመጣል።

ስትደውሉ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ሊባኖስ «ማ ፊዬ ኢጂ፣ ቢዲ ማውዒድ ታኒ» ካላችሁ «መምጣት አልችልም፣ ሌላ ቀጠሮ እፈልጋለሁ» ብላችኋል። ገልፍ «ማ አግደር አጂ፣ አብጋ ማውዒድ ሳኒ» በሉ። ከዚያ ስማችሁን ኢቃማው ወይም ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ተናገሩ። እዚህ ቤት ሌላ ስም አውጥተውላችሁ ከሆነ በዚያ ስም አትጠሩ፤ መዝገቡ ላይ አያገኟችሁም። የመደወያ ካርድ ከሌላችሁ ለማዕከላችን ሚስኮል አድርጉ፤ እኛ ለክሊኒኩ እንደውላለን። ይህን የምናደርገው ሃይማኖት ሳንለይ ለሁላችሁም ነው፤ ኢቃማ ለሌላችሁም ጭምር።

ማን ስልክ ላይ?

ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። አንዳንዶቻችሁ የራሳችሁ ስልክ ስለሌላችሁ የማዳምን ቁጥር ትሰጣላችሁ፤ አንዳንዴም ማዳም ራሷ ትሰጣለች። እንዲህ ከሆነ የክሊኒኩን መልእክት መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት። ስለ ጥርስ ወይም ስለ ዓይን ከሆነ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ደግ አሠሪ ከሆነች ራሷ ታደርሳችኋለች፤ እንደዚያ ያሉም ብዙ አሉ። ስለ እርግዝና፣ ስለ ኤች አይ ቪ ወይም ስለ ቲቢ ከሆነ ግን መልእክቱ ሥራችሁንና መኖሪያችሁን ሊነካ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለኢቃማ የሚደረገው ምርመራ ኤች አይ ቪን፣ ቲቢንና ሄፓታይተስን እንደሚያካትት ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ፍርሃታችሁን እንረዳለን።

በራሳችሁ ፈቃድ ወደ በጎ አድራጎት ክሊኒክ ስትሄዱ ግን የምትናገሩት ነገር አለ። «መልእክት አትላኩልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። «የክሊኒኩን ስምና የሕመሙን ስም አትጻፉ፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ላኩ» ማለትም ትችላላችሁ፤ ብዙ ነርሶች ይህን ያውቃሉ። የምታምኗትን የእህት ቁጥር መስጠትም ይቻላል። ታዲያ የምታምኗት እህት ማለት ሚስጥር የምትጠብቅ ብቻ ሳትሆን ስልኳን በየቀኑ የምታይ፣ ሲደርሳትም ሳትውል ሳታድር የምትነግራችሁ ናት። አፍቃሪ ሆና ዝንጉ ከሆነች አትጠቅማችሁም።

የራሳችሁ ስልክ ቢኖርም መልእክት ሲመጣ በተቆለፈው ስክሪን ላይ ጽሑፉ ይታያል። ስልካችሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ጽሑፉ እንዳይታይ አድርጉ። እንዴት እንደሚደረግ ካላወቃችሁ እሑድ ስትመጡ እናሳያችኋለን።

እውነተኛ ያልሆነ መልእክት

በክሊኒክ ስም የሚያጭበረብሩ አሉ። እውነተኛ ክሊኒክ በመልእክት የባንክ ካርድ ቁጥር አይጠይቅም። በስልካችሁ የመጣን የምስጢር ቁጥር ንገሩን አይልም። «ውጤትሽን ለማየት በዚህ ገንዘብ ላኪ» አይልም። ማስፈንጠሪያ ካለበት አትንኩት፤ በካርዳችሁ ጀርባ ያስጻፋችሁት ቁጥር ላይ ደውላችሁ ጠይቁ። ሳዑዲ ያላችሁ «ሲሓቲ» የሚባለውን የጤና ሚኒስቴር መተግበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀጠሯችሁ እዚያው ውስጥ ስለሚታይ መልእክቱን ከእሱ ጋር አመሳክሩ።

መልእክት ካልመጣስ?

«ውጤቱን በመልእክት እንልካለን» ተብላችሁ ሳይመጣ ቢቀር «ደህና ስለሆንኩ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ቁጥራችሁ በስህተት ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ አንድ አሃዝ ብትዛነፍ ውጤታችሁ ለማታውቁት ሰው ይሄዳል። ስልካችሁ ተዘግቶ ወይም ሞልቶም ሊሆን ይችላል። በተባለው ቀን ካልደረሳችሁ ደውሉ። ደግሞ ካርድ ስታወጡ ጸሐፊዋ የጻፈችውን ቁጥር ጮክ ብላ እንድታነብላችሁ ጠይቋት፤ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሕመም ድንገት ሲጸናባችሁ ግን መልእክትም ቀጠሮም አትጠብቁ። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደም አልቆም ሲል፣ ራስን ስትስቱ፣ ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ደም ሲታያችሁ አምቡላንስ ጥሩ፦ ሊባኖስ 140፣ ሳዑዲ 997፣ ኢምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ዮርዳኖስ 911፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999።

ሲም ካርድ ስትቀይሩ

ይህን ለመጨረሻ ያቆየነው በጣም ስለሚረሳ ነው። ቤት ስትቀይሩ፣ ከመክተብ ስትወጡ ወይም ሲሙ ሳይሞላ ቆይቶ ሲዘጋ አዲስ ቁጥር ታወጣላችሁ። ለቤተሰብ ትነግራላችሁ፣ ለጓደኛ ትነግራላችሁ፣ ገንዘብ ለምትልኩበት ትነግራላችሁ። ለክሊኒኩ ግን ማንም አይነግርም። የድሮው ቁጥር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ኮምፒዩተሩ ይህን አያውቅም፤ ስማችሁን እየጠራ፣ ውጤታችሁን እየነገረ ለዚያ ለማታውቁት ሰው መላኩን ይቀጥላል። አዲሱን ሲም ያወጣችሁ ቀን፣ ለእናታችሁ ከደወላችሁ በኋላ፣ ሁለተኛውን ስልክ ለክሊኒኩ ደውሉ፦ «ረቅሚ ጅዲድ» በሉ፣ ቁጥሬ አዲስ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ አሃዞቹን አንድ በአንድ ቁጠሩላቸው፣ መልሰውም ያንብቡላችሁ።